ከጀርባ የሣሏት ሴት

ማዕከሉ ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር። አሁን ግድግዳው ነጭ ተቀብቶ፣ ጣሪያው ላይ መብራት ተደርድሮ፣ የሰፈሩ ሰው ሥዕል የሚያይበት፣ ሥዕል የሚማርበት፣ ዝናብ ሲመጣም የሚጠለልበት ቤት ሆኗል። እዚያ ቤት ውስጥ የምትሠራውን ሸራ ወጣሪ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይዛ እንጨት ላይ ሸራ ስትወጥር ስለምትውል «ወጣሪዋ» ነው የሚሏት። የሥነ ጥበብ ሰው ስለ ራሱ አውርቶ መቼ ጨርሶ የሌላውን ስም ይጠይቃል? ለእሷ ግን ይህ ጠባያቸው በረከት ነበር።

ከሩቅ ከተማ ነው የመጣችው፤ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዛ፣ ሆዷ ገና ሳይገፋ። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ሰው ፊት አንገቱን የደፋ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ «እንዴት ያለ ጨዋ አገኘሽ» የሚያስብል ሰው። አንድ ቀን የደንበኛ ሸሚዝ አሳረርሽ ብሎ የጋለ ካውያ ማጅራቷ ላይ አሳረፈባት። ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቶ ሲመጣ «ፍል ውሃ ተደፍቶባት ነው» አለ፤ እሷም «አዎ፣ ፍል ውሃ ነው» አለች። ማታ መርፌውን ክር እያጎረሰ፣ ቀና ሳይል፣ «ብትሄጂ እፈልግሻለሁ፤ አልቸኩልም እንጂ እፈልግሻለሁ» አላት። ሄደች። ልጅ መውለዷን አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷና ልጇ ያሉበትን ያ ሰው እንዳያውቅ። እዚህ በደረሰች በሳምንቱ ወገቧ ድረስ የሚወርደውን ሁለት ጉንጉን ፀጉሯን እንደ ወንድ ልጅ አስቆረጠችው። እንዳትታወቅ ነበር።

ሞዴል የሆነችው በአጋጣሚ ነው። የማታውን ክፍል የምታስተምረው የሥዕል መምህርት ደግ ሴት ናት፤ ነገር የያዘች እንደሆነ ግን አትለቅም። የተቀጠረችው ሞዴል ሌላ ሥራ አግኝታ ስትቀርባት ወደ ወጣሪዋ መጣች።

«አንቺ ዝም ብለሽ መቀመጥ ታውቂበታለሽ» አለቻት። «ወንበር ላይ ቁጭ ማለት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።»

«ፊቴ አይሣል።»

«ለምን?»

«አልወድም።»

«እንግዲያው ጀርባሽን ስጪን። የጀርባ ነገር እንዲያውም ይከብዳቸዋል፤ ይማሩበታል።»

ጀርባዋን ሰጠቻቸው። የመምህርቷ ሕግ አንድ ነው፤ «ያያችሁትን ሣሉ፤ የምታውቁትን አትሣሉ» ትላለች። ተማሪዎቹ ጡረተኛ፣ ነርስ፣ ሹፌር፣ የቤት እመቤት ናቸው፤ ሕጉን እንደ ሃይማኖት ያዙት። ትከሻዋን፣ የሸሚዟን እጥፋት፣ የወንበሩን ምስማር ሳይቀር ሣሉ። ክፍሉ ሲያልቅ እሷ ዘወር ብላ አይታ አታውቅም። የራሷ ጀርባ ምን ያደርግላታል? ልጇ ከአከራይዋ ከእማማ ጋር እየጠበቀቻት ስለሆነ እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ ቤቷ ትሮጣለች።

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ሥዕሎቹን የምትሰቅለው እሷ ነበረች። ሽቦ ቆርጣ፣ ውሃ ልክ ይዛ፣ መሰላል ላይ ወጥታ። የመጀመሪያውን ሥዕል ከጠቀለለው ወረቀት አውጥታ ብርሃን ላይ ስታቆመው እጇ ቀጥ አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ማጅራት ደግሞ ከጆሮም የባሰ ባዳ ነው። ጠባሳውን በጣቷ እንጂ በዓይኗ አታውቀውም። ለሰው ሁሉ ፍል ውሃ ነው ስትል ኖራ፣ እሷም በልቧ የተረጨ ውሃ የሚመስል፣ ቅርጽ የሌለው ነገር አድርጋ ይዛው ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለው ግን ውሃ አይመስልም። ጎንና ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ የካውያ አፍንጫ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ በስተቀኝ ትንሽ ጎደል ይላል። ባሏ ካውያውን አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ጥሎት አፍንጫው ተሸርፎ ነበር። እንዲያ የተሸረፈ ካውያ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ፈታች። ሦስተኛውን ፈታች። በከሰል የተሣለውም፣ በውሃ ቀለም የተሣለውም፣ በዘይት ቀለም የተሣለውም ሽርፈቱን አልሳተም። ሹፌሩ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አይሆንለትም፤ ያቺን ጎደሎ ግን እሱም አግኝቷታል። አዳራሹ ዙሪያውን በእሷ ማጅራት ተሞላ። መሰላሉ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

መምህርቷ ስትመጣ እንደዚያው ነበረች።

«ምን ሆንሽ?»

«ይሄን ጠባሳ አጥፉልኝ።»

«ኧረ ምን ነካሽ፣ ከሥዕሉ ሁሉ ያማረው እሱ እኮ ነው። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።»

«ለዚያ ነው አጥፉልኝ የምለው። የሚያውቀው ሰው አለ።»

መምህርቷ ሞኝ አይደለችም፤ ገባት። ፊቷ ልውጥ አለ፤ እጇንም ይዛ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወሰደቻት። ሥራ አስኪያጁ ሸበቶ፣ ንግግር የሚወድ፣ መክፈቻ በደረሰ ቁጥር አዲስ ከረባት የሚገዛ ሰው ነው። ሁሉንም አዳምጦ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ በጣም አዘነ፤ ከዚያም ምንም አላደረገም።

«ልጄ፣ ፊትሽ የለም እኮ» አላት። «ሰው በማጅራቱ ሲታወቅ የት ታይቷል? ደግሞስ አሁን ብናወርደው ምን ዋጋ አለው፤ ማስታወቂያው ወጥቷል።»

«የቱ ማስታወቂያ?»

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥቅል አውጥቶ ዘረጋላት። የነርሷ ሥዕል ነው፤ ትልቅ ተደርጎ ታትሟል። ከላይ «ጀርባ» ይላል፤ ከታች ቀኑና ቦታው። መሐሉ ላይ ጠባሳው የእጅ መዳፍ አክሎ ተቀምጧል።

«የት የት ተለጥፏል?» አለች።

«ኧረ የት ያልተለጠፈበት አለ» አለ፤ ኩራቱን መደበቅ አልቻለም። «ካፌው፣ ትምህርት ቤቱ። አገር አቋራጭ አውቶቡሶቹ ላይ ሁሉ፤ ሹፌሩ ተማሪያችን ለጓደኞቹ አድሎልን።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ወጣሪዋ ማታ ቤቷ ገብታ ሻንጣ አወጣች፤ ሳይቃጠል በቅጠል ብላ። የልጇን ልብስ አጣጥፋ ከታች አደረገች፤ የራሷን ከላይ። ኋላ እማማ ገብተው ሻንጣውን አዩና «ምን ተገኘ?» ቢሏት «እሑድ እነሣለሁ» አለች። ቅዳሜ በመክፈቻው ላይ ሞዴል ሆና ለመቀመጥ ቃል ሰጥታለች፤ ብትቀር መምህርቷ ቤቷ ድረስ መጥታ ትፈልጋታለች፣ ያም ሌላ ወሬ ነው። ቅዳሜን ተቀምጣ፣ እሑድ ጎሕ ሲቀድ መሄድ። ልቧ ግን አላመናትም።

የማዕከሉ መክፈቻ እንደ ሌላው ቤት ሪባን በመቁረጥ አያልቅም። ልማዳቸው ነው፤ ከንግግሩና ከሻይ ብስኩቱ በኋላ ለእያንዳንዱ እንግዳ እርሳስ፣ ወረቀትና ማስደገፊያ ጣውላ ይታደላል፤ ሞዴሏ ከረድፎቹ ፊት ትቀመጣለች፤ የሚችለውም የማይችለውም ይሥላል። ሥራ አስኪያጁ «እዚህ ቤት ተመልካች የለም፤ ሁሉም ሠሪ ነው» ማለት ይወዳል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። እማማ ልጅቷን ይዘው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ወጣሪዋ ዕቃ ቤት ውስጥ ሸሚዟን ስታስተካክል ሥራ አስኪያጁ ራሱን በበሩ ብቅ አደረገ። አዲሱን ከረባት አስሯል።

«ስጋትሽ ከንቱ እንደሆነ ላሳይሽ» አለ ፈገግ ብሎ። «ማስታወቂያው ሰው ነው ያመጣልን። ትናንት አንዱ ከሩቅ ደወለ። እንዴት ያለ ትሑት ሰው መሰለሽ። ‹ሥዕሉ ከሕይወት ነው የተሣለው ወይስ ከሐሳብ?› ብሎ ጠየቀኝ። ከሕይወት ነው አልኩት።»

«ሌላስ?»

«‹ሴትየዋ ዛሬም እዚያው አለች?› አለ። አለች፣ ነገ ትቀመጣለች፣ ይምጡና ራስዎ ይሣሏት አልኩት። በጣም አመሰገነኝ።»

ከዕቃ ቤቱ በስተጀርባ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር አለ፤ እሷ ብቻዋን ብትሆን በዚያ በወጣች ነበር። ልጇ ግን አዳራሹ ውስጥ ናት። ልጇን ለመውሰድ ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት ማለፍ አለባት። ሰውየው መጥቶ እንደሆነ ፊቷንም፣ ልጇንም ባንድ ጊዜ ያያል። ቁጭ ካለች ግን የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው። ሰው ሲበተን እማማ ልጅቷን ይዘው በፊት በር፣ እሷ በጓሮ በር። እንዲህ አሰበች፤ ሌላ የምታስበው አልነበራትም። ፊቷን በሻሽ ሸፍና እስከ ወንበሩ ሄደች፤ ከዚያ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ፣ ሻሹን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

እርሳሶቹ ጀመሩ። ከፊቷ ያለው ነጭ ግድግዳ ነው፤ የሚሆነው ሁሉ ከኋላዋ ነው። አንዱን ሳል ያጣድፈዋል፣ አንዷ ትስቃለች፣ የሆነ ሰው ጣውላው ወድቆበት ይቅርታ ይጠይቃል። መምህርቷ በረድፎቹ መሐል እየተዘዋወረች «የምታውቁትን ተዉት፤ ያያችሁትን» ትላለች። ወጣሪዋ ማጅራቷ ሲቆጠቁጣት ይሰማታል። ሕመም አይደለም፤ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ሲያፈጥብህ የሚሰማ ነገር ነው።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማች። ከኋላ፣ ከበሩ አቅጣጫ፣ አፉን ገጥሞ በአፍንጫው የሚያንጎራጉር ሰው። ልብስ ሰፊዎች እስፒል በከንፈራቸው ይዘው ሲሠሩ የሚያንጎራጉሩት ዓይነት። ዜማ የለውም፤ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል።

ልዙር ወይስ አልዙር? ብዞር ያየኛል። ባልዞር ልጄን ማን ያይልኛል? እማማ አሉ፣ አለች በልቧ። እማማ ልጅቷን አይለቁም። የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ እንደ ድንጋይ ተቀመጠች፤ ከመምህርቷ ተማሪዎች አንዱ ለጎረቤቱ «እንዴት ብርቱ ናት፣ ንቅንቅ አትልም» ሲል ሰማችው። ማንጎራጎሩ ቀጠለ፤ ቀጠለና አንድ ጊዜ ተቋረጠ። ተመልሶም አልመጣም።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ «በቃ፣ እርሳስ አስቀምጡ» አለ። ሰው ተንጫጫ፣ ወንበሮች ተንቀሳቀሱ፤ መምህርቷ ሥዕሎቹን እየሰበሰበች በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ትሰቅል ጀመር። ወጣሪዋ ሻሹን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ ቀስ ብላ ዞረች። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ነርሷ፣ ሹፌሩ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ የሰፈሩ ሴቶች። እሱ የለም። በሩ አጠገብ አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ ላዩ ላይ ጣውላ እንጂ ወረቀት የለበትም። ባዶ ወንበር ደግሞ በየረድፉ ሞልቷል። ትንፋሿ መለስ አለ። ዓለም ላይ የሚያንጎራጉር ሰው እሱ ብቻ ነው እንዴ፣ ብላ በራሷ አፈረች።

እማማን ፈለገቻቸው። አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው አሸልበዋል። አጠገባቸው ያለው መቀመጫ ባዶ ነው።

«እማ።»

ልጅቷ ከበሩ በኩል በሰው እግር መሐል እየተሽሎከለከች መጣች። እጇ ላይ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች። ወጣሪዋ ተንበርክካ በሁለት እጇ ያዘቻት፤ መላ ሰውነቷን ዳበሰቻት።

«የት ነበርሽ?»

«የሰዉን ሥዕል ሳይ። ሁሉም ጀርባ ነው፤ አያምርም። አንዱ ሰውዬ ብቻ ነው ፊትሽን የሣለው። ለእናትሽ ስጪልኝ አለኝ።»

ወረቀቱን ዘረጋችው። ፊቷ ነው። ደንበኛ ሠዓሊ የሣለው አይደለም፤ መስመሩ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደሚሰመረው ቀጥ ቀጥ ያለ ነው። ከሁለቱ ትከሻዎች ላይ ሁለት ረጃጅም ጉንጉኖች ወርደዋል፤ በዚህ ከተማ ማንም አይቶት የማያውቅ ፀጉር። ከጎን አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማለች። የልጅቷ ቀሚስ ልክ ነው፤ እስከ አንገቱ ቁልፍ፣ እስከ ኪሱ ስፌት ድረስ ልክ ዛሬ የለበሰችው ነው።

«ምን አለሽ?» አለች። ድምፁ የእሷ አልመሰላትም። «ስሜን ነገርሽው?»

«ስሜን ለማንም አትንገሪ ብለሽኝ የለ? አልነገርኩትም። እሱ ነው የነገረኝ።» ልጅቷ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ አንሾካሾከች። ያለችው ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ በቤታቸው ያልተጠራ የእናቷ የድሮ ስም ነበር። «እውነት ስምሽ እሱ ነው?»

ከኋላዋ መምህርቷ የመጨረሻውን መቆንጠጫ ስትሰካ፣ ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማታል።

«ጥሩ ሰው ነው» አለች ልጅቷ። «የቀሚሴ ጫፍ ተተርትሮ አየና እኔ እሰፋልሻለሁ አለኝ። ቤታችሁ የት ነው ሲለኝ ዳቦ ቤቱ ጎን፣ አረንጓዴው በር አልኩት። ቀድሜ ሄጄ እጠብቃችኋለሁ፣ ቀስ ብላችሁ ኑ፣ እኔ አልቸኩልም አለ።»

ሥራ አስኪያጁ እጁን ወደ ወጣሪዋ ዘርግቶ «አሁን ደግሞ ለሞዴላችን» አለ። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበላት፤ እማማም ነቅተው፣ ልጅቷም እናቷን ሽቅብ እያየች አብረው አጨበጨቡ።