ብርቱካናማው ጭስ ማውጫ

ደክሞኛል አቦ። ወሬ በዚህ መጀመሩ ደስ አይልም፤ ግን ሌላ የምለው የለኝም። ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ አይታጠፍልኝም፣ ወገቤ አይቃናልኝም፣ የድሬ ፀሐይ ደግሞ ለሽማግሌ አታዝንም። ከታይዋን ገበያ ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ቤቴ ውስጥ የባጃጅ ጀርባና የሱቅ ታፔላ እቀባለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመንገደኛ መርከብ ቀለም ቀቢ ነበርኩ።

ሰው መርከብ ላይ እንደኖርኩ ሲሰማ ስለ ባሕሩ ይጠይቀኛል። ስለ ባሕር ምን ይወራል? ውሃ ነው። ወሬ ያለው ጭስ ማውጫው ላይ ነው። ድሮ ረጅምና ቀጥ ያለ ነበር፤ ጥላሸቱ ሰው ላይ እንዳይወርድ። አራት ጭስ ማውጫ ተክለው ሦስቱ ብቻ እየጨሱ አራተኛው ለጉራ የሚቆምባቸው መርከቦችም ነበሩ አሉ፤ ጭስ ማውጫ ሲበዛ ተሳፋሪው ጠንካራ መርከብ ናት ብሎ ያምናላ! በኋላ ወደ ኋላ ጋደል ያለው መጣ፤ መርከቧ ቆማም የምትሮጥ እንድትመስል። ከዚያ አጭርና ወፍራሙ፣ ከዚያ ክንፍ ያወጣው፣ ከዚያ ጭራሽ ወደ መርከቧ ጅራት የሸሸው። አሁንማ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሆኗል። አንዱ ኩባንያ ሌላውን በገዛ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚለወጠው የጭስ ማውጫው ቀለም ነው። ያን ጊዜ እኛን በገመድ ወንበር ያንጠለጥሉናል። ጥላሸቱን እናጥባለን፣ የድሮውን ቀለም እንፍቃለን፣ አዲሱን እንቀባለን። «ሉና ማሪና» የምትባለዋን መርከብ እኔ ብቻዬን ለሦስት ኩባንያ ድሬያታለሁ።

ግድግዳዬ ላይ የቀባኋቸውን ስድስት ጭስ ማውጫዎች ላሜራ ላይ ስዬ ሰቅያለሁ፤ ከየሥራቸውም ዓመቱን ጽፌያለሁ። ቀለም ቀቢ ዓመት ሳይጽፍ ከመሰላል አይወርድም፤ የሚቀጥለው ቅብ መቼ እንደሚደርስ የሚታወቀው በእሱ ነው። ይቺ ልማዴ ናት ጉድ የሠራችኝ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ኢዲል መጣች። ኢዲል የሃዎ ልጅ ናት፤ ሃዎ ታይዋን ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። የኢዲል አባት ዐብዲገኒ ጓደኛዬ ነበር። ጂቡቲ አብረን ነው የወረድነው፣ አንድ መርከብ ላይ ነው የሠራነው፤ እኔ ላይ ቀለም፣ እሱ ታች ሞተር ቤት። በዘጠና ሦስት ለእረፍት ስመጣ፣ ባሕር ላይ በትኩሳት ሞተ ብዬ ለሃዎ መርዶ የነገርኳት እኔ ነኝ። ኢዲል ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አዴር ነው የምትለኝ፤ በሱማልኛ የአባት ወንድም ማለት ነው።

«አዴር ክፍሉ፣ አንድ ነገር እይልኝ» አለችና ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ኸባብ ነው ያገኘው። ጂቡቲ ያሉ የድሮ መርከበኞች ፎቶ የሚለጥፉበት ገጽ አለ።» ኸባብ እጮኛዋ ነው፤ ኒካቸው ዓርብ ሊታሰር ነበር።

መነጽሬን ፈልጌ አየሁ። ዐብዲገኒ ነው። ቱታውን ለብሶ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ መርከቧ ላይ ቆሟል። ከኋላው የሉና ማሪና ጭስ ማውጫ ይታያል፤ ብርቱካናማ፣ መሐሉ ላይ የነጭ ጀልባ ሸራ ሥዕል። ከሸራው ሥር አንዲት ነጭ ጠብታ ወርዳለች። ያቺ ጠብታ የኔ ናት፤ ነፋስ መጥቶብኝ አምልጣኝ ነው፤ አለቃዬ ሰድቦኝ ነበር። ብርቱካናማውን የቀባሁት በዘጠና ዘጠኝ ነው። ሞተ ባልኩ በስድስት ዓመቱ ማለት ነው።

«መቼ የተነሣው ነው?» አለች።

«የድሮ ነው» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። «ዘጠና፣ ዘጠና አንድ ቢሆን ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቀብቼው አላውቀውም?»

ደስ አላት መሰለኝ፣ ፈገግ አለች። «አጎቴ ዮኒስም እንደዚያ ነው ያለኝ። ግን ልቤ አላርፍ አለ። አባት በሕይወት እያለ አጎት አይድርም። አባቴ ካለ ወይ ራሱ ይቀመጣል ወይ ሰው ይወክላል፤ አለዚያ ኒካዬ ኒካ አይደለም» አለች። ስልኳን ልትከት ስትል ዐይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታየው ላሜራ ነው፤ ያን ቀን ግን ተጠግታ በጣቷ እየነካች ቆጠረችው። ባለ ሁለት ቢጫ መስመር ሰማያዊው፣ 83። ነጩ፣ 91። ብርቱካናማው፣ ባለ ሸራው። ጣቷ እዚያ ቆመ።

«ዘጠና ዘጠኝ ይላል» አለች።

ተሳስቼ ነው የጻፍኩት ማለት እችል ነበር። እርጅና ነው ብላ ታምነኝ ነበር። ግን ወላሂ ደከመኝ። ሃያ አራት ዓመት! ሃዎ በየዓርቡ ለባሏ ነፍስ ሰደቃ ስታወጣ አንድ ሳህን ለእኔ ትልክልኛለች፤ እሱን ያስታመመ እጅ ነው ብላ። የሰው በሕይወት ያለ ባል ሰደቃ እየበላሁ ነው ያረጀሁት። ብሩሼን ቤንዚን ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ።

«ያን ጊዜ አልሞተም፤ ዛሬም አልሞተም» አልኳት።

እሷም በርሚል ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት። ጣልያን አገር፣ ጄኖቫ ሌላ ትዳር እንደያዘ፣ ልጅ እንደወለደ። ሃዎን ፍታት ብዬ እንደለመንኩት፣ አንድ ቃል እኮ ነው ብዬ። እሱ ግን አፍራለሁ አለ፤ ወንድሞቿን በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ አለ። ሞተ በልልኝ፣ አልቅሳ ይውጣላትና ሌላ ታግባ አለ። እኔ ቂሉ እሺ አልኩ። ሃዎ ግን ሌላ አላገባችም። አራት ሰው ለመናት፣ አራቱንም መለሰች።

ኢዲል አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ስልኩ አለህ?»

«አለኝ። በረመዳን ደውሎልኝ ነበር።»

«ደውል።»

ደወልኩና ሰጠኋት። በሱማልኛ ነው ያወሩት፤ ድሬ ላይ አድገህ ይህን ያህል አይጠፋህም። አባቴ አላለችውም። «ኢዲል ነኝ፣ የሃዎ ልጅ» አለችው። ከዚያ ማዶ የሽማግሌ ለቅሶ ሰማሁ። እስኪጨርስ ጠበቀችው። «ዓርብ ኒካዬ ነው። አሁን ለወንድምህ ለዮኒስ ደውለህ ወክለው። ከአንተ የምፈልገው ይሄንን ብቻ ነው» አለችና ዘጋችው። ስልኬን መለሰችልኝ።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አልኩ።

«የእኔን ተወው» አለች። «ዮኒስ ዛሬ ይሰማል፤ ነገ ድሬ በሙሉ ይሰማል። እናቴ ከመንገድ እንድትሰማው አልፈልግም። መርዶውን በአፍህ አመጣህ፤ ይሄንንም በአፍህ ንገራት። አሁን። ቤት ናት።»

እጄን በቤንዚን ታጠብኩ። የማይለቅ ቀለም ነበረበት፤ ደግሜ ታጠብኩ። ነገሩ ማዘግየት ነው። ከዚያ ባጃጅ ይዘን ሄድን። ሹፌሩ ሙመድ ያውቀኛል፤ «ጋሼ፣ ለሠርግ ነው? እንኳን ደስ ያላችሁ!» ይላል። ዝም በል አቦ፣ መንገድህን እይ አልኩት።

ሃዎ እልፍኝ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ለሙሽሪት የመጡ ድርዓዎችን ታጥፋለች። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ ቀሚስ ዙሪያዋን ተቆልሏል። ስታየኝ ፊቷ በራ። «ክፍሉ! ሠርገኛው ቀድሞ መጣ! ኢዲል፣ ውሃ አምጪለት፣ ላብ በላብ ሆኗል» አለች። ኢዲል ወጥታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

ቆሜ ነው የነገርኳት። ለመቀመጥ አፈርኩ። የጄኖቫውን፣ የልመናውን፣ የእሺታዬን፣ የዛሬውን ስልክ ሁሉንም ነገርኳት። ሃዎ ጉልበቷ ላይ ያለውን ቀሚስ እንደያዘች ሰማችኝ። ስጨርስ ትጮኻለች፣ ወይ የያዘችውን ትወረውርብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። 

«ደህና ነው?» አለች።

«ስኳር አለበት እንጂ ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ።» ቀሚሱን እንደገና ዘረጋችው። «ልጆችስ?»

«ሁለት።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«ክፍሉ፣ ያን ቀን እጄን ይዘህ፣ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ‹እንደ ሃዎ ያለች ሴት አላየሁም› ብሎ ሞተ ብለኸኝ ነበር። እያለቀስኩ አምስት ጊዜ አስደግሜሃለሁ።»

«አዎ።»

«ማን ነው ያለው?»

መርከብ ላይ ሳለሁ ሞተ ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር፤ የመጨረሻ ቃሉን ትጠይቀኛለች ብዬ ግን አላሰብኩም። ስትጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣውን ነው የሰጠኋት።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

 ውጭ ለሠርጉ የመጡ ሴቶች እየሳቁ ወንበር ያወርዳሉ።

«ሰው ሲለምነኝ» አለች በመጨረሻ፣ «አግቢ ሲሉኝ፣ ማታ ልጄን አስተኝቼ ብቻዬን ስሆን፣ ያቺን ቃል ነበር የምይዘው። ሌላ ምንም አልነበረኝም።»

ውጣ አላለችኝም። ቀሚስ ወደ ማጠፏ ተመለሰች፤ ጠርዝ ከጠርዝ እያስተካከለች፣ ቀስ ብላ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።