ፍራንኩ በረከሰበት ጥር

ኮሮቱሙ ኮኔ መድኃኒት ቤቷን የምትከፍተው ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪ የመጀመሪያውን ዳቦ ካወጣ በኋላ ነው። በዚያ ረቡዕ ጠዋትም እንደ ወትሮው የብረቱን በር ወደ ላይ ገፋች፤ የሌሊቱ ነፋስ ደጃፉ ላይ የከመረውን አቧራ ጠረገች፤ ነጭ ጋዋኗን ደረበች። ከማዶ ያስመጣችው የማሽላ አጥሚት ባንኮኒው ላይ ይተናል። የማሊዋ ሲካሶ በጥር ትበርዳለች፤ አላፊ አግዳሚው ጆሮውን ጠቅልሎ ነው የሚሄደው።

ዙማና ትራኦሬ በሞተር ብስክሌቱ ከች አለ። የከብት ነጋዴ ነው። ወደ ከብት ገበያው የሚሄደው በደጇ ስለሆነ ሳይቆም ያለፈበት ቀን የለም።

«አንቺ ባቄላ በሊታ! ዛሬም ተነሣሽ? እኔ እኮ ሆድሽ ተነፍቶ ፈንድተሽ ያለ ገረድ ቀረሁ ብዬ ሳዝን ነው ያደርኩት!»

«እመቤትህን ነው እንዲህ የምትላት?» አለች ቀና እንኳ ሳትል። «በሬዎችህ ካንተ ይሻላሉ። እነሱ በደጄ ሲያልፉ ዝም ይላሉ።»

«ዝም የሚሉት መርፌሽን ፈርተው ነዋ!»

ይህ ወግ ነው። ትራኦሬና ኮኔ የሚባሉት ሁለት ዘሮች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ይሰዳደባሉ፤ አንዱ ሌላውን ሎሌዬ፣ ገረዴ፣ ባቄላ በሊታ ይላል፤ መቀየም ነውር ነው። ባሏ ሲዲኪም ኮኔ ነበር። እሱ የሞተ ቀን ሬሳው ከግቢ ሊወጣ ሲል ዙማና በሩ ላይ በጀርባው ተጋደመ። «ይህ ሎሌዬ ነው! ሳላሰናብተው የትም አይሄድም! ካሳዬን ክፈሉኝ!» እያለ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ሳንቲም ቢወረውሩለት «ለእንዲህ ያለ ሰነፍ እንኳ ያንሳል» ብሎ ተከራከረ። ኮሮቱሙ ከሴቶቹ ጋር ከውስጥ ሆና ስትሰማው ሳቋ አመለጣት። እስከዚያ ድረስ አልቅስ ብትለው እምቢ ያለው ዓይኗ እንባ ያወጣው ከዚያ ሳቅ በኋላ ነው። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

በዚያ ረቡዕ ግን ዙማና ስድቡን ቶሎ ጨረሰና ሞተሩን አጠፋ።

«ራዲዮ አልሰማሽም?»

«ምን ተባለ?»

«ማታ መሪዎቹ ዳካር ላይ ተሰብስበው ፍራንካችንን በግማሽ አረከሱት። የፈረንሳዩ አንድ ፍራንክ በሃምሳ አልነበር? ከዛሬ ጀምሮ በመቶ ነው።»

«የእኛን ብቻ?»

«በዚህ ፍራንክ የምንገበያየውን አገሮች ሁሉ። የአቢጃኑንም፣ የሎሜውንም፣ የዱዋላውንም። የምንሸሽበት አገር የለም።»

ኮሮቱሙ ዞር ብላ መደርደሪያውን አየችው። ከሳልና ከወባ መድኃኒቱ ጀምሮ እስከ ፋሻው ድረስ ከፈረንሳይ ያልመጣ ነገር ጥቂት ነው። ዳካር ዩኒቨርሲቲ የተማረች ሴት ናት፤ ማንም እንዲያስረዳት አላስፈለጋትም።

«አንተን ይጠቅምህ ይሆናል» አለችው። «አቢጃን ሰው የሚበላው ከአውሮፓ በመርከብ የሚመጣ፣ በበረዶ የቀዘቀዘ ሥጋ ነው። እሱ ሲወደድ ወዳንተ በሬ ይመጣሉ።»

«እንዲያ ነው የሚሉት» አለና ደስታውን የሚያስቀምጥበት እንዳጣ ሰው ጢሙን ዳሰሰ።

የተናገረችው ደረሰ። ዙማና ከብቱን ጭኖ ወደ አቢጃን ወረደ፤ ወዲያው ተመልሶ ሌላ ጫነ። እሷ ደግሞ በመደርደሪያዋ ያለውን በድሮው ዋጋ መሸጧን ቀጠለች። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሞሪባ የደም ግፊት ክኒኑን ሊወስድ ሲመጣ እጥፍ ክፈል ማለት ከአፏ አልወጣ አለ።

«ሌሎቹ ጨምረዋል እኮ፣ ልጄ» አላት እሱ ራሱ።

«እኔ የገዛሁት በድሮው ነው፣ አባባ።»

ሞሪባ መርቋት ሄደ። ወሬው ተሰማና ሰፈሩ ሁሉ ወደ እሷ ጎረፈ፤ መደርደሪያው ሳሳ። ባማኮ ያለው አከፋፋይ ዘንድ ስትደውል ግን የሸጠችበት ገንዘብ ከሸጠችው ግማሹን እንኳ የሚመልስ አልሆነም። ደግነቷ ሱቁን እየበላው መሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። አሁን ዋጋ ልጨምር ብትል የምትጨምርበት ዕቃ አልቋል። አንድ ጭነት ካላስመጣች፣ ሲዲኪ በገዛ እጁ ቀለም የቀባውን በር መዝጋቷ ነው።

ዙማና ከሁለተኛ ጉዞው ሲመለስ አዲስ ሰፊ ቀሚስ ለብሶ መጣ። እሷም የሚወረወርባትን ስድብ ልትመልስ ተዘጋጀች። እሱ ግን ባዶውን መደርደሪያ አየና ቆቡን አወለቀ።

«እንዴት ሰነበቱ፣ እመት ኮሮቱሙ? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ምን ሆነሃል? ወባ ያዘህ?»

አልሳቀም። በርጩማው ላይ ተቀመጠና ከኪሱ ወፍራም ፖስታ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ። «ሲዲኪ ወንድሜ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማንም አያውቅም። በእኔና በእርስዎ መካከል ነው።»

ፖስታውን በአንድ ጣቷ ወደ እሱ መለሰችው። «ምጽዋት ከሆነ መስጊዱ በር ላይ የሚቀበሉህ አሉ።»

«ኮሮ…»

«ሂድ፣ ዙማና። ደንበኛ ይመጣል።»

ደንበኛ አልመጣም። እስኪመሽ ብቻዋን ተቀመጠች። ሰው ሁሉ አጽናንቷታል፤ ጥቁር ለብሳም ከርማለች፤ መበለት መሆኗን ከሰው ፊት ላይ ያነበበችው ግን ያን ቀን ነው።

በገበያ ቀን ማለዳ ከመንገዱ ጩኸት ተሰማ።

«የሲካሶ ሰዎች! ኑ እዩልኝ! ጌታ ገረዱን በረሃብ ገደላት እንዳትሉኝ!»

ዙማና ነው። ከትከሻው ያወረደውን ጆንያ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው፤ ባቄላው በየአቅጣጫው ተንከባለለ። ያ ፖስታ ባቄላው መሃል ወደቀ። መንገደኛው በሩን ሞላው።

«ብይ! ይህ ቀለብሽ ነው! ይኸኛው ደግሞ የዓመት ደመወዝሽ! አያቴ ያንቺን አያት የገዛው በአንድ ቁና ባቄላ ነው፤ አንቺ ግን ተወደድሽብኝ፤ ምን ላድርግ፣ ፍራንኩ ረከሰ!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሞሪባ ከሕዝቡ መሃል ጣቱን አነሣ፦ «ተቀበይው፣ ልጄ! የትራኦሬን ቀልድ መመለስ አይቻልም፤ ነውር ነው!»

ኮሮቱሙ ዙማናን አየችው። ፊቱ እየሳቀ ዓይኑ ይለምናት ነበር።

«አንተ የበሬ ጭራ!» አለችው። «አንድ ጆንያ ብቻ? የአባቴ ሎሌ በነበርክ ጊዜ ሁለት ትሸከም አልነበር?» ፖስታውንም ከባቄላው መሃል አንሥታ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ጭነቱ መጣ። በአዲሱ ዋጋ ሸጠች፤ ሰውም በካርቶን ይገዛ የነበረውን በፍሬ መግዛት ጀመረ። ባቄላውን ለጎረቤት አከፋፈለች። ሱቁ ተረፈ።

ጭነቱ በገባ ማግስት ዙማና በደጇ ቆመ። እሷ ምላሿን አዘጋጅታ ትጠብቀው ነበር።

«አንቺ…» ብሎ ጀመረ። ዓይኑ የሞላው መደርደሪያ ላይ አረፈ። አሁን በእሱ ገንዘብ ቆማ ሳለች ገረዴ ቢላት ሰው ሁሉ እውነት ነው ይል ይሆናል፤ እሷም በልቧ ትለው ይሆናል። ቃሉን ሲውጠው አየችው። «እንዴት አደሩ?» አለ።

«ሎሌ! ምላስህን በሬ በላው እንዴ?»

ሳቀ። የሳቀው ግን ሰው በዕድሜ የሚበልጠው ሲቀልድ እንደሚስቀው ነው፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ።

በማግስቱም ሞከረች፤ ከዚያም ወዲያ። በሬዎቹን ሰደበች፤ አያቶቹን ሰደበች፤ አዲሱን ቀሚሱን የድንኳን ጨርቅ ነው አለችው። እያንዳንዱን በትዕግሥት ሰማትና ዕድሜ ተመኘላት። አንድ ጊዜ አላስችል ቢላት «ዙማና፣ እባክህ ስደበኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ተለምኖ አይገኝም።

ዝናቡ ገብቷል። ዋጋው ከወጣበት አልወረደም፤ ሰው ለምዶታል። ዙማና ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አቁሞ ጤናዋንና የልጆቿን ጤና ይጠይቃል፤ የጎደለ ነገር እንዳለም ይጠይቃል። የለም ትለዋለች። አይሰድባትም።