የብሪናና የፒፓ ክፍፍል

ወንድሜ ኩርዲን ከሚስቱ ከቤቲና ሲፋታ፣ እንደ እሱ በሰላም የተፋታ ሰው በከተማችን በኢላንዝ የለም ብሎ ተኩራራ። «አንድ ሳህን እንኳ አልሰበርንም» ይላል ላገኘው ሁሉ። «ሁሉን እኩል ተካፈልን። ሶፋው ለእሷ፣ ጠረጴዛው ለእኔ። ሰራይና ከእኔ ጋር ትቀራለች፣ ፍሉሪን ከእናቱ ጋር ኩር ከተማ ይገባል። አለቀ!»

ሶፋና ልጅ በአንድ ትንፋሽ! ሰራይና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፍሉሪን ገና ስምንት። እኔ አክስታቸው በየመንደሩ ሰው የሚጭነው የፖስታ ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝና ትምህርት ቤት የማመላልሳቸው እኔ ነበርኩ። ሰራይና የወንድሟን ኮፍያ ጆሮው ድረስ ሳትጎትትለት ከአውቶቡሴ የወረደችበት ጠዋት ትዝ አይለኝም።

ይኼም አልበቃ ብሏቸው ልጆቹ የሚያሳድጓቸውን አይጥ መሰል እንስሳት፣ ጊኒ ፒጎቹን፣ ተካፈሉ። ብሪናና ፒፓ እህትማማች ናቸው፤ ጅራት የሌላቸው፣ ጸጉራቸው የተንጨባረረ፣ የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ኪያር መጣ ብለው የሚያፏጩ። ብሪና ለሰራይና ደረሰች። ፒፓን በካርቶን ከተው ከፍሉሪን ጋር ባቡር ላይ ጫኗት።

«ኩርዲን፣ ይኼ እኮ በሕግ ክልክል ነው» አልኩት።

«ምኑ?»

«ጊኒ ፒግ ለብቻዋ ማኖር። አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን!»

ሳቀብኝ። «እንግዲያው ፖሊስ ይምጣና የብሪናን ቃል ይቀበል። አንቺ ያውቶቡስሽን መሪ ያዢ ላዲና፤ የቤቴን መሪ ለእኔ ተይልኝ።»

ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

በረዶው ሲጥል ሰራይና ደወለችልኝ።

«አክስቴ፣ ብሪና ኪያር እንቢ አለች። ማፏጨትም ተወች። ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ግድግዳውን ነው የምታየው።»

«አባትሽ ምን አለ?»

«‹ትለምደዋለች› አለ። እኔንም እንደዚሁ ነው ያለኝ።»

ላናግረው ሞከርኩ፤ ሥራ በዝቶብኛል አለ። እኔም የሰው ቤት ነው ብዬ ተውኩት። ልጅቷ ግን አልተወችውም።

ቅዳሜ ቀን ነው፣ ኩርዲን ቤት። ቤቲና ፍሉሪንን ለጥየቃ አምጥታው፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ሥር ቆማለች። እኔ የገብስ ሾርባ ይዤ መጥቻለሁ። ደወሉ ተደወለ። አንዲት ረጅም ሴት፣ ቦቲ ጫማ የተጫማች፣ ከእንስሳት ጥበቃ ቢሮ ነኝ አለች። ወይዘሮ ካዱፍ ትባላለች።

«ጊኒ ፒግ ለብቻዋ ትኖራለች የሚል ጥቆማ ደርሶናል።»

ኩርዲን ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አንቺ ነሻ! የገዛ እህቴ!»

«እኔ ነኝ የደወልኩት» አለች ሰራይና ከመኝታ ክፍሏ በር።

ወይዘሮ ካዱፍ ብሪናን አነሳች፣ ሆዷንና ጥርሷን ዳሰሰች፣ መልሳ አስቀመጠቻት። «ከስታለች። እነዚህ ተጠጋግተው የሚተኙ፣ እርስ በርስ የሚያወሩ እንስሳት ናቸው። ሰው የቱንም ያህል ቢወዳቸው ያን አይተካም። ጓደኛ ታገኛለች፣ አለዚያ ከዚህ ቤት ትወጣለች።»

«ምን ችግር አለ?» አለ ኩርዲን። «ትሪን መንደር ውስጥ ጊኒ ፒግ የምታውስ ሴትዮ አለች። አንዷን እንዋሳለን።»

«እህት አላት እኮ!» ሰራይና ጮኸች። «ኩር ነው ያለችው! ምን ብዬ ነው ሌላ የምዋሰው?»

«ፒፓን አልሰጥም» አለች ቤቲና። «ተስማምተን ፈርመናል። ለምን ብሪና አትመጣም?»

«ብሪና ከዚህ ንቅንቅ አትልም!»

«አንተ ድሮም ስግብግብ ነህ!»

«አንቺ ነሽ እንጂ! ሶፋውን ሳይቀር…»

ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን አልደግመውም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ በእንግዳ ፊት፣ በጊኒ ፒግ ተናነቁ። ፍሉሪን በመሃላቸው አለፈና የወይዘሮ ካዱፍን እጅጌ ሳብ አደረገ።

«ለእኛስ የሚደወለው ለማን ነው?» አላት።

ሴትዮዋ ወደ እሱ ጎንበስ አለች። «እኔ… እኔ የእንስሳቱ ነኝ፣ የእኔ ልጅ።»

ያኔ ነው ደሜ የፈላው።

«ሰማችሁ?» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። «ልጃችሁ የጠየቀውን ሰማችሁ? አይጥ የምታክል ፍጥረት እንዳትለያይ አገር ሙሉ ተሰብስቦ ሕግ አወጣ። እናንተ የወለዳችኋቸውን እንደ እንጀራ ልጅ እዚህና እዚያ ወረወራችኋቸው! ‹በሰላም› ትላላችሁ ደግሞ! ሳህኑን ሰብራችሁ ልጆቹን በተዋችሁልኝ!»

«ውጪ ከቤቴ» አለ ኩርዲን።

«እወጣለሁ። ሾርባውን ግን ለልጆቹ አሙቅላቸው።»

ሰኞ ራሴ የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ሄድኩ። ልጆቹ ለየብቻ ተጠየቁ። ከዚህ በፊት አንድም ሰው ጠይቋቸው አያውቅም ነበር፤ የፍቺውን ወረቀት ያዘጋጀው ሰውዬ እንኳ ሁሉም ተስማምተዋል ብሎ አልፎታል። በስተመጨረሻ ቢሮው አንድ ላይ እንዲኖሩ ወሰነ፤ ሰራይና ብሪናን ይዛ ወንድሟ ዘንድ ኩር ገባች፤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም አባታቸው ጋር ናቸው። ብሪናና ፒፓ መጀመሪያ ተሻተቱ፣ ተጠራጠሩ፣ አንዷ ሌላዋን አባረረች፤ በነጋታው ባንድ ድርቆሽ ውስጥ ተቀብረው ተገኙ።

ቤቲና ደውላ «አሸነፍን!» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

ኩርዲን አያናግረኝም። ለእናታችን «ላዲና ልጄን ቀማችኝ» ብሏታል። ቆይቶ ደግሞ አልቅሶ፣ «ሰራይናን ያስቀረኋት ባዶ ቤት መግባት ፈርቼ ነው» አላት አሉ። እናቴ ይኼን የነገረችኝ አንጀቴ እንዲራራ ብላ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እኔም ብቻዬን ነው የምኖረው። ነገር ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የባዶ ቤት መሙያ አይደለችም። ይኼን ፊት ለፊት ቆሜ እስክነግረው ድረስ፣ እናቴ ብትለምነኝም ቄስ ቢልኩብኝም፣ ንዴቴ አይበርድም።