ካርቱም ክርስትና ይነሳል

ወንድይራድ በየዓመቱ ቡና አስጭኖ ከመቱ ጋምቤላ ይወርዳል። በተመለሰ ቁጥር ለሚስቱ ለፈትለወርቅ የሚያወራላት ስለ ቡናው አልነበረም፤ ባሮ ወንዝ ላይ በእሳት ስለምትሄደው መርከብና መርከቧ ስለምትደርስበት አገር ነበር። ካርቱም ሌሊቱ እንደ ቀን ያበራል ይላታል፤ ውሃው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ በሰሃን ይቀርባል ይላታል።

«አይዋሹ እንግዲህ!» ትለዋለች እየሳቀች።

«አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ። ያን ጊዜ ውሸታሙ ይለያል።»

እንዲህ እየተባባሉ ሴት ልጃቸው ጥሩነሽ ተወልዳ፣ ድክ ድክ ብላ፣ የወተት ጥርሷን እስክትነቅል ድረስ ኖሩ።

ያን ዓመት ግን ነገሩ የምር ሆነ። መስቀል በዋለ ማግስት ወንድይራድ የበቅሎውን ልጓም እንኳ ሳይለቅ ከደጅ ጮኸ፤ «የዓመቱ የመጨረሻዋ መርከብ ልትነሳ ነው! ከዚህ በኋላ ወንዙ ይጎድላል። ተነሡ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሽርሽር ይሄዳል!»

ፈትለወርቅ አራስ ነበረች። የታቀፈችው ወንድ ልጅ አርባ ቀኑ አልሞላም፤ ክርስትናም አልተነሳም።

የወንድይራድ ታላቅ እህት እትዬ መንበረ ከጓዳ ወጡ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ቆራቢ ናቸው፤ ከቅዳሴ ቀርተው አያውቁም፤ በዚያ ቤት የሃይማኖት ነገር ሲነሳ የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው። «አበድክ? አራስ ከነልጇ በረሃ ልታወርድ?» አሉት።

«በረሃውን እናልፈዋለን እንጂ አንኖርበት እትዬ። ካርቱም የግብፆች ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጳጳስ ሁሉ አለ! የኔን ልጅ ጳጳስ ቢያጠምቀው ምን ይከፋል? ካርቱም ክርስትና ይነሳል፤ አለቀ።»

«እንግዲያው እዚሁ አስጠምቀኸው ሂድ።»

«አርባው ሳይሞላ?»

ጤነኛ ወንድ ልጅ አርባ ቀኑ ሳይሞላ አይጠመቅም፤ ይህን ከእትዬ መንበረ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጁ ደግሞ ጤነኛ ነበር፤ ሲጠባ ድምፁ ከደጅ ይሰማል። ሁለቱም ወደ ፈትለወርቅ ዞሩ። አይሆንም ብትል ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ግን ፈትለወርቅ ከሶር ፏፏቴ ወዲያ አልፋ የማታውቅ ሴት ነበረች።

«ወንድምዎ ካሉ...» አለች መሬት መሬት እያየች። ልቧ ቀድሟት ሄዶ ነበር።

«እኔም እሄዳለሁ» አሉ እትዬ መንበረ። «የዚህን ልጅ ነገር ለናንተ ትቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።» ሲነሱም አራስ ያለ ብረት ከቤት አይወጣም ብለው ትንሽ ቢላዋ በመቀነቷ ሻጡላት።

ጎሬን አልፈው ቡሬ አደሩ። ከቡሬ ወዲያ አገሩ እንደ ደረጃ ቁልቁል ይወርዳል፤ በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ወደ ፊታቸው ይወጣል። ጋምቤላ ሲደርሱ የፈትለወርቅ ቀሚስ ከጀርባዋ ተጣብቆ ነበር። መርከቧን ስታይ ግን ድካሙን ረሳችው። ቤት ነው፣ ግን ይንሳፈፋል፤ ጭስ አለው፣ ግን ወጥ አይሠራበትም። ተሳፍረው ወንዙ መሐል ሲገቡ ነፋሱ ሻሿን ገለበጠባት፤ ባሏ ቢያያትም ፀጉሯን አልሸፈነችም።

ጥሩነሽ ከብረቱ አጥር ተንጠልጥላ ጮኸች። «አባዬ! ድንጋዩ ጆሮ አለው!»

ጉማሬ ነበር። ወንድይራድ እስኪያስለው ሳቀ። ሙሴ ማኖሊ የሚባለው፣ ጎሬ ላይ ቡና የሚገዛው ግሪክም ሳቀና ለልጅቷ ከረሜላ ሰጣት። እትዬ መንበረ እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ። ፈትለወርቅ ልጇን ወደ ውሃው አዙራ ያዘችው። ምንም እንደማያይ ታውቃለች፤ ግን ሲያድግ «አይተህ ነበር» ልትለው ፈለገች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መርከቧ አጓርታ ቆመች። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተንገዳገደ። ወንዙ ካሰቡት ቀድሞ ጎድሎ ኖሮ መርከቧ አሸዋ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች። መዘውሯ ሲዞር የሚያነሳው ጭቃ ብቻ ሆነ። የመርከቧ አዛዥ፣ ላይ አገር ዝናብ ከጣለ ውሃው ሞልቶ ያነሳናል አለ። ወንድይራድ ይህን ቃል ይዞ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ያድል ጀመር። «ነገ እንነሳለን። ሰምታችኋል? ነገ!»

ነገው መጣ፣ ሄደ። ሌላም ነገ ተከተለ። ቀን ብረቱ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ትንኙ እንደ ጭስ ይወርዳል። ስንቃቸው ሻገተ። ጥሩነሽ ቤቴ ውሰዱኝ እያለች ታለቅሳለች። ከዚያ ልጁ ጡት ተወ። ፈትለወርቅ ጡቷን አፉ ውስጥ ብታደርግለት ያዝ ያደርግና ይለቀዋል። ግንባሩን በጉንጯ ነካችው፤ አቃጠላት።

«ንዳድ ነው» አሉ እትዬ መንበረ። ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነገር ነበር። ያልተጠመቀ ልጅ ቢሞት ፍትሐት የለውም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ አይቀበርም፤ ስም የለውምና በጸሎት አይጠራም። ፈትለወርቅ ልጅ መቅበር ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ከጥሩነሽ በኋላ አንድ ቀብራለች። ያኛው ግን በመቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ነው፤ እሑድ እሑድ በአጠገቡ ታልፋለች። ይኼኛውን የት ታልፍበታለች?

«እንመለስ» አለችው ባሏን። «ቡሬ እንመለስ፤ ቄስ አለ፣ ቅዝቃዜም አለ።»

«አንቺ ደግሞ! ነገ...»

«ነገ አይበሉኝ!»

በትዳር ዘመኗ እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ወንድይራድ ኮፍያውን አንስቶ አዛዡን ሊያናግር ሄደ።

ሙሴ ማኖሊ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ተጠጋና ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አጎንብሶ ተናገረ። አማርኛው ከኦሮምኛ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚወጣው።

«እመቤት፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ስሚኝ። እኛ አገር ቄስ ሩቅ ከሆነ፣ ልጅ ሊሞት ከሆነ፣ ውሃም የማይችል ከሆነ፣ የተጠመቀ ሰው ሁሉ ያጠምቃል። ልጁን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ አየር። አብ ይላል፣ ያነሳል። ወልድ ይላል፣ ያነሳል። መንፈስ ቅዱስ ይላል፣ ያነሳል። እኔ ራሴ እንደዚያ ነኝ። ይኸው፣ ሽበት አወጣሁ።»

«ወግድ!» አሉ እትዬ መንበረ። «ሁለት ባሕርይ የምትል ሰው ለኛ ጥምቀት ልታስተምረን ነው?»

«ሁለትም ይሁን አንድ፣ ልጁ አንድ ነው እትዬ» አለ ግሪኩ፤ ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

ንጋት ላይ ልጁን ገተረው። ዓይኑ ወደ ላይ ዞረ፤ እጆቹ ተጨብጠው ደረቁ፤ ከንፈሩ ጠቆረ። ወንድይራድ አልነበረም፤ ታንኳ ፍለጋ ወደ ዳር ወርዷል። ፈትለወርቅ ተነሳች። አራስ ናት፤ ገና ያልነጻች ሴት ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንኳ መድረስ የማይገባት ሴት። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ አስባው ስታበቃ እጆቿ ልጁን ወደ ላይ አንስተውት ነበር። በልቧ ስም አወጣችለት። «በስመ አብ» አለች፤ ዝቅ አደረገችው። «ወወልድ።» አነሳችው። «ወመንፈስ ቅዱስ።» በሦስተኛው ክንዷ ከዳት፤ ልጁን ደረቷ ላይ ጥላው ተቀመጠች።

እትዬ መንበረ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ነበር።

ልጁን ግን መገተሩ ለቀቀው። ተነፈሰ። አንዲት ቀጭን ልቅሶም አለቀሰ። ፈትለወርቅ እንደዚያ ያለ የሚያምር ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

አኙዋክ ዓሣ አጥማጆች በታንኳቸው ጋምቤላ መለሷቸው። ሙሴ ማኖሊ ጃንጥላውን ሰጥቷቸው እሱ ከዕቃው ጋር ቀረ። ከጋምቤላ በቅሎ ላይ ወጥተው ዳገቱን ተያያዙት። ወንድይራድ ቄሱ ውሃውን አዘጋጅተው እንዲጠብቁ ሊነግር ወደ ቡሬ ቀድሞ ጋለበ። እትዬ መንበረ መንገዱን ሙሉ ፈትለወርቅን አላናገሯትም። አንዴ ብቻ፣ «አጥብቀሽ አታልብሺው፤ ይተንፍስ» አሉ።

አየሩ መቀዝቀዝ ጀመረ። የደጋው ጉም ፊቷን ሲነካት ፈትለወርቅ፣ ደረስን እኮ፣ ደረስን አለችው ልጇን። ያን ጊዜ ነው ጡቷ ላይ ያለው አፍ እንደማይነቃነቅ ያወቀችው። በቅሎዋን አላቆመችም። ካላቆመች የሆነ ነገር እንደማይሆን ያህል ዝም ብላ ሄደች።

ቡሬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መምሬ ገብረ ሥላሴ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ ውሃ አስቀርበው ቆመዋል። ወንድይራድ አጠገባቸው ነው። መምሬ ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ሸፈኑት።

«ልጄ» አሏት፣ «እግዜር ያጽናሽ። ሳይጠመቅ ነው አሉኝ አባቱ። ያልተጠመቀ ደግሞ... ከቅጥሩ በታች፣ ከጥዱ አጠገብ ጥሩ ቦታ አለ። እኔም አብሬ እወርዳለሁ።»

ፈትለወርቅ፣ «ተጠምቋል! እኔ...» ስትል የእትዬ መንበረ እጅ ክንዷን ጨምድዶ ያዛት።

«ተጠምቋል መምሬ» አሉ እትዬ መንበረ። ድምፃቸው ከፍ ያለና ደረቅ ነበር። «ወንድሜ አላየም፤ ታንኳ ፍለጋ ወርዶ ነበር። መርከቧ ላይ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ የግብፅ ቄስ ነበሩ። እሳቸው ናቸው ያጠመቁት። በውሃ።»

ወንድይራድ እህቱን አያቸው። ግብፅ የሚባል ሰው በዚያች መርከብ እንዳልነበረ ያውቃል። ያ የማያልቅ ወሬው የት እንደገባ እንጃ።

«በዓይንዎ አይተዋል?»

«በዓይኔ።»

መምሬ መስቀላቸውን አወጡ። የእትዬ መንበረ እጅ ከፈትለወርቅ ክንድ ላይ ሲላቀቅ ላብ ትቶበት ሄደ። አጎንብሰው መስቀሉን ተሳለሙና፣ «በዚህ» አሉ።

«የክርስትና ስሙስ?»

እትዬ መንበረ ስሙን አያውቁትም። ፊታቸውን ወደ ፈትለወርቅ መለሱ። ዓይኖቻቸው እንደዚያ ሲለምኑ አይታ አታውቅም።

«ወልደ ማርያም» አለች ፈትለወርቅ።

ፍትሐቱ ሲደረግ እሷ ከበሩ ውጭ ቆማ ሰማች። ወልደ ማርያም ሲሉ፣ ደግመው ወልደ ማርያም ሲሉ ሰማች። እፎይ ማለት ነበረባት። ግን በውስጧ አንድ ነገር እንደ እሾህ ይወጋታል፤ እኔ አጥምቄው ነበር፤ ውሸት ምን አስፈለገ? እትዬ መንበረ ያን ንጋት ያደረገችውን አላመኑበትም ማለት ነው? ወይስ አምነው፣ መምሬ እንደማያምኑ ስላወቁ? ልትጠይቃቸው ዞረች። እትዬ መንበረ ቅጥሩን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ለፍትሐቱም አልገቡ።

ልጁን እዚያው ቡሬ፣ ከቅጥሩ ውስጥ ቀብረው ወደ መቱ ተመለሱ። ጎረቤት ለቅሶ መጣ። ካርቱም እንዴት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ወንድይራድም ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

የፈትለወርቅ አርባ ቀን ሲሞላ እሑድ ማለዳ ከእትዬ መንበረ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርሱ እትዬ መንበረ ቆሙ። ከውጭ ተሳልመው፣ ቅዳሴ የማይገቡ ሰዎች ከሚቆሙበት ከዛፉ ሥር ሄደው ነጠላቸውን አጣፉ።

«እትዬ፣ ምነው?»

«መስቀል ይዤ የዋሸሁ ሰው ነኝ። በየትኛው አፌ ልቁረብ?»

«ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ እንጂ። ይፈቱዎታል።»

«ብነግር ልጁን ከቅጥር ቢያወጡትስ?»

ፈትለወርቅ አጠገባቸው ልትቀመጥ አጎነበሰች። እትዬ መንበረ በክርናቸው ገፏት።

«እዚህ ምን ትጎለቺያለሽ? ውስጥ ደወል ተደውሏል። አንቺ ነጽተሻል፤ ግቢ። ግቢና ስሙን ጥሪለት። እኔን አትይኝ፣ ግቢ ብያለሁ!»