ለስስ አንገት የተሰፋ

እና ያ አበባ፣ ያ ቀይ አበባ እዚህ ምን ይሠራል፣ የሷ አበባ እኮ ነው፣ የሠርጓ አልጋ ልብስ ላይ የነበረው፣ አልጋ ልብሱ አርጅቶ ሲሳሳ በመቀስ ቆራርጣ ያስቀመጠችው፣ አሁን በዚህ ሲሚንቶ መደብር በር ላይ፣ በማታውቀው ተሸካሚ ማጅራት ላይ፣ ከከረጢቱ ሥር ካለው የትከሻ ትራስ ብቅ ብሎ ያያታል፣ ኧረ ተይ፣ ፋብሪካ መቼም ለአንቺ ብቻ ብሎ አበባ አያትምም፣ ስንት ሰው ቤት አለ ይሄ ጨርቅ፣ እሺ ስፌቱስ። ድርብ ስፌት። ጫፉ ታጥፎ የተደገመ። ቀይ ክር አልቆባት በሰማያዊ የጨረሰችው። ልብስ ሰፊ የገዛ እጇን ስፌት ትስታለች እንዴ፣ በሰው መሀል ልጇን ብትስት ይቀላል።

ክው ብላ ቆማለች። ባለመደብሩ አሸዋውንም ከኛ ውሰጂ፣ ቅናሽ አለው ይላታል፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ ቃሉ ግን አይገባትም፣ ተሸካሚው ከረጢቱን እንደተሸከመ ወደ ጭነት መኪናው እየሄደ ነው፣ ጆንያ እንደ ቆብ አጥፎ እስከ ዓይኑ ደፍቷል፣ ጎብጧል፣ ግራ እግሩን ትንሽ ወደ ውጭ ይጥላል፣ ወደ ውጭ፣ ያ እግር ስንት ዓመት ከጎኗ የሄደ እግር ነው። የልጆቿ አባት ነው። አይደለም፣ የልጆቿ አባት አስተማሪ ነው፣ አሁን አንዱ ሀብታም ቤት ተቀምጦ ልጆች ሒሳብ እያስጠና ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜና ከትምህርት ቤት መልስ ሁልጊዜ እዚያ ነው፣ ራሱ ነው የነገራት።

ጠዋት እኮ ደስታ አስክሯት ነበር። ባንክ ቤት ገብታ፣ የቤቱን ዕዳ የመጨረሻዋን ከፍላ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ እንኳን ደስ አለዎት ስትላት እንባዋ ዱብ ዱብ ብሎ፣ ምን ነካኝ ብላ በራሷ አፍራ፣ ልትደውልለት ስልኩን አውጥታ መልሳ ከተተችው፣ ፊቱን እያየሁ ነው የምነግረው አለች፣ ከዚያ ወደ ቤቷ በመሄድ ፈንታ እግሯ ወደዚህ ይዟት መጣ፣ ሲሚንቶ ልትገዛ፣ ጓሮ አንድ ክፍል ሠርታ ልታከራይ፣ ዕዳ ያለቀ ዕለት መተኛት የለም፣ ዕዳ ያለቀ ዕለት ነው ብር ብር መውለድ የሚጀምረው፣ ቤተሰብ የሚቆመው እንዲህ ነው፣ ይሄን ስትል እሱ ይስቅባታል፣ እሺ ክብርት ሚኒስትር ይላታል፣ የቤቱ ገንዘብ ሚኒስትር እሷ ናት።

ሕጉም የሷ ነው። የፊት ክፍሉ ኪራይ ለባንክ፣ የሱ ደመወዝ ለቀለብ፣ የስፌቱ ለልጆች ትምህርት፣ የዶሮዎቹ እንቁላል ለአክሲዮን መግዣ፣ የማስጠናቱ ደግሞ እንደ ኪራዩ ወደ ባንክ፣ ከዕዳው ቶሎ እንዲገላገሉ፣ አንዱ የሌላውን አይነካም፣ ከየት አመጣኸው አይባልም፣ ስንት አመጣህ ነው የሚባለው። ከየት አይባልም ያለችው ማን ናት፣ እሷው ናት። ልጆቹ ቅዳሜ ኳስ እንጫወት ብለው እግሩ ላይ ሲጠመጠሙ፣ ልቀቁት፣ አባታችሁ ሥራ አለው ያለችው እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ ተኝቶ ቢያረፍድ ብርድ ልብሱን ገፍፋ፣ ባንኩም ተኝቷል እንዴ ዛሬ ያለችው እሷ ናት፣ ያኔ ቀልድ ነበር፣ እሱም ስቆ ነበር፣ ስቆ ተነሣ፣ ወገቡን ይዞ።

ወገቡን። ውይ። ደብተር ላይ ሳጎነብስ ውዬ ነው ይላታል፣ እሷም በደረቱ አስተኝታ ቅባት ታሽለታለች፣ እያሸች ስንት ተማሪ ጨመርክ ትለዋለች። የቅዳሜ ሸሚዙ ላይ ያለው ብናኝ፣ ጠመኔ ነው አላት፣ ሀብታም ቤት ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል እንዴ፣ ይቺን እንኳ አልጠየቀችም፣ ስታጥበው ውሃው ግራጫ ይሆናል፣ ዝቃጩ ሳፋው ላይ ይደርቃል፣ በቢላ ትፍቀዋለች፣ እየፋቀች የዘንድሮ ጠመኔ ደግሞ ምን ዓይነት ነው ትላለች፣ አንድም ቀን ግን ሲሚንቶ ነው አላለችም።

ትራሱንም ያመጣባት እሱ ነው። ገበያ ውስጥ የማውቀው ሰው አለ፣ ለተሸካሚዎች የትከሻ ትራስ የሚሰፋለት ይፈልጋል አላት፣ እሰይ አዲስ ገቢ አለች፣ ከጂንስ ቁራጭ እየሰፋች፣ ጥጥ እየጠቀጠቀች ሰጠችው፣ ሸጦ አመጣላት፣ ከዚያ አንድ ቀን፣ አንዱን ለስለስ አድርጊው፣ ለአንድ አዲስ ሰው ነው፣ አንገቱ ስስ ነው አላት፣ እሷም ሳቀች፣ ስስ አንገቱን ይዞ ምን ሊሸከም ገባ፣ አርፎ ቤቱ አይቀመጥም አለች፣ ያን አልጋ ልብስ ያወጣችለት ለማታውቀው ሰው አንጀቷ ተላውሶ ነው፣ ክሩ ሲያልቅባት ደግሞ ማን ያየዋል ብላ በሰማያዊ ጨረሰችው፣ ለራሱ ነበር ለካ፣ ለራሱ አንገት ነበር የሚያሰፋኝ፣ የገዛ ባሌን በገዛ እጄ አሰናድቼ ጫንኩት።

ቆይ ግን፣ ቅድም ምን አለች። ቅድም፣ ገና አበባውን ሳታይ። የተሸካሚዎቹ አለቃ ዋጋ ሲነግራት፣ ወንድሜ ከዚህ እስከዚያ መኪና እኮ ነው፣ ጉልበት ነው እንጂ ዕውቀት አይጠይቅ አለች፣ ጮክ ብላ፣ መንደሩ እስኪሰማ፣ በግማሽ ካልሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለች፣ አለቃው ወደ ኋላ ዞሮ ፕሮፍ፣ በዚህ ዋጋ ይመችሃል ወይ አለ፣ ፕሮፌሰር ነው የምንለው እናት፣ ሲያወራ መጽሐፍ የሚያነብ ነው የሚመስለው አላት፣ ተሸካሚዎቹ ሳቁ፣ እሷም አብራ ሳቀች፣ ያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረ ሰው አንገቱን ብቻ ነቀነቀ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ እንዳንተ አይነዛነዝም አለችው ለአለቃው። ለካ አንድ ቃል ያልተነፈሰው ድምፁን እንዳታውቅበት ነው። ጆንያውን ወደ ዓይኑ የሳበው ድምፅዋን ሰምቶ ነው። ዋጋውን ስታወርድበት ማን እያወረደበት እንደሆነ ያውቃል፣ እያወቀ ነው እሺ ያለው፣ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ይሻላት ነበር።

ይመለሳል። ባዶ ትከሻውን፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ በአጠገቧ ሲያልፍ የላቡ ሽታ፣ አልጋዋ ላይ የሚያድረው ሽታ፣ አዎ እሱ ነው፣ ከእንግዲህ መካድ የለም፣ ልጥራው፣ በስሙ ልጥራው፣ ጠርቼ ምን ልለው፣ ይሄን ያህል ጊዜ የደበቀውን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልገልጥበት፣ የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች አባቶች እዚህ እየመጡ ይገዛሉ፣ እሺ ዝም ልበል፣ ዝም ብዬ ደግሞ ቆሜ ላሸክመው፣ ይሄ ሁሉ ከረጢት ይቀራል፣ በግማሽ ዋጋ፣ ማታ ያንኑ ብር አጣጥፎ የማስጠናቱ ነው ብሎ እጄ ላይ ያስቀምጣል፣ እኔም በርታ እለዋለሁ፣ የራሴን ብር ተቀብዬ።

ተወው፣ ሲሚንቶው ይቅርብኝ ትላለች ለባለመደብሩ፣ ድምፅዋ የሷ አይመስላትም፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ባለመደብሩ ግንባሩን ይቋጥራል፣ እንደ ፍላጎትሽ እመቤት፣ የተጫነው ግን ይውረዳ፣ አንተ ፕሮፍ፣ ና መልሰህ አውርደው። አይ አይ አይ፣ ትላለች፣ አይውረድ፣ ይጫን፣ ቀልዴን ነው። ሰውየው እንደ እብድ ያያታል፣ ውይ፣ ቢጫንም እሱ ነው፣ ቢወርድም እሱ ነው፣ የትም ብትዞር ያው አንገት ላይ ነው የሚያርፈው፣ ምን ላድርግ፣ ምን አባቴ ላድርግ፣ እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ስልኩን ያገኘዋል፣ ብትደውልለት የሱ ስልክ ደረት ኪሱ ውስጥ ይጮኽና ጉድ ይፈላል፣ አትደውልም። ዝም ብላ ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች።

ሄሎ ትላለች። ጮክ ብላ። ሄሎ፣ የልጆቼ አባት፣ ማስጠናት ላይ ነህ አይደል፣ አልረብሽህም፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ።

ተሸካሚው ቀጣዩ ከረጢት እንዲጫንበት ጎንበስ ብሏል። እንደጎነበሰ ይቀራል።

ባንክ ቤት ሄጄ ነበር ትላለች፣ አለቀ፣ ዕዳው አለቀ፣ ቤቱ የኛ ነው፣ ፊትህን እያየሁ ልነግርህ ነበር፣ አልሆነልኝም፣ እና እነዚያን ተማሪዎች ንገራቸው፣ ከዛሬ በኋላ አልመጣም በላቸው፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ የኳስ ነው፣ ልጆቹ ይጠብቁሃል፣ ደግሞ ቅድም፣ ቅድም አንድ ሰው ላይ ክፉ ተናግሬያለሁ፣ ዕውቀት አይጠይቅ ምናምን ብዬ፣ ዋጋም ቀንሼበታለሁ፣ ሳላውቅ ነው፣ ይቅር ይበለኝ፣ አንተ ብትሆን ይቅር ትለኝ ነበር፣ አይደል፣ ትለኝ ነበር።

የመኪናው ሾፌር ሞተሩን ያስነሣል፣ ያጠፋል። አለቃው ፕሮፍ ነቃ በል እንጂ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ ይላል፣ ሰውየው አይነቃነቅም፣ ከዚያ ከጆንያው ሥር፣ ወደ ግድግዳው፣ ያ የምታውቀው ድምፅ፣ እሺ ክብርት ሚኒስትር ይላል፣ ጥቂት ናት የቀረችኝ፣ ጨርሼ እመጣለሁ።

አለቃው ከማን ጋር ነው የሚያወራው ብሎ ዙሪያውን ያያል፣ ፕሮፍ ለየለት ይላሉ ሌሎቹ፣ ይስቃሉ፣ ከረጢቱ ይጫንበታል፣ አበባው ይሸፈናል፣ ይነሣል፣ ግራ እግሩን ወደ ውጭ እየጣለ ወደ መኪናው ይሄዳል፣ እሷ ስልኩን ከጆሮዋ ማውረድ አቅቷታል፣ እሺ ትላለች፣ ማንም በሌለበት ስልክ፣ እሺ፣ ቀስ ብለህ፣ ቀስ፣ ወገብህን