የአልቃሿ ቆጠራ

«እትዬ ፀሐይነሽ፣ እግርዎ ጥሩ ነው። አፍዎስ? ሰው በዝምታ አይመራም እኮ!»

ከባሕር ዳር የመጣው ፈታኝ ፊሽካውን በጣቱ እያዞረ ይጠብቃል። ሠልጣኝ ሴቶች ከኋላዋ ተሰልፈዋል። ሙዚቃው የሞጣውን አዳራሽ ያናውጠዋል፤ የፀሐይነሽ እግሮች አንዲት ምት አልሳቱም፤ ቆጠራው ግን ገና አልተጀመረም። የኤሮቢክስ አሠልጣኝነት የምስክር ወረቀት መወዛወዝ ለሚችል ሁሉ አይሰጥም፤ ቀጣዩን እንቅስቃሴ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ሌላውን ለሚመራ እንጂ።

ድምፅ አጥታ አልነበረም። ብቸና ውስጥ ከእሷ የበለጠ ድምፅ ያለው ማን አለ? ፀሐይነሽ አልቃሽ ናት። ለቅሶ በተቀመጡበት ቤት ሁሉ ተጠርታ፣ የሟችን ደግነት በሙሾ እየዘረዘረች፣ ደረቱን የሚመታውን ሕዝብ እንደ አንድ ሰው የምታነሣና የምታበርድ እሷ ናት። እናቷም እንዲሁ ነበሩ። ታዲያ ለሞት እንጂ ለሌላ የሚፈልጋት የለም። ሠርግ ላይ ከተገኘች ከሙሽራዋ ዓይን አርቀው በጓዳ በኩል ያስቀምጧታል። በማለዳ ከሰው ደጅ ከቆመች የቤቱ ሰው ሰላምታውን ረስቶ ይገረጣል። ወንፊት ልትዋስ ሄዳ እንኳ ስንቱን አስደንግጣለች!

ስኳር ሲገኝባት ሐኪሙ ሰውነቷን እንድታንቀሳቅስ መከራት። በስልኳ ያገኘችውን የኤሮቢክስ ትምህርት እያየች፣ በሯን ዘግታ፣ ማዳመጫ በጆሮዋ ሰክታ ጀመረች። ሬሳ በሌለበት ስትወዛወዝ የመጀመሪያዋ ነበር። አንድ ቀን ራሷን ረስታ «አንድ! ሁለት!» ብላ ጮኸች። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቷ ባንቺዓለም ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ቆማለች።

«ማነው? ኧረ ማነው የሞተው?»

«ማንም። ስፖርት እየሠራሁ ነው።»

«አይ አንቺ! ክው አደረግሽኝ እኮ። ምነው ፀሐይዬ፣ በዚህ ድምፅሽ አትቀልጂ!»

ከዚያ ወዲህ አፏን ዘግታ ሠራች። ስትጸልይ ግን፣ «እመቤቴ፣ ለአንዲት ቀን እንኳ ለደኅና ነገር አስጠሪኝ» ትል ነበር። ሞጣ ላይ የአሠልጣኞች ሥልጠና መከፈቱን ስትሰማ የጸሎቷ መልስ መሰላትና ተመዘገበች። ዛሬ ለፈተናው ስትመጣም ደብረ ወርቅ ላይ ማርያምን ከመኪናው መስኮት ተሳልማ ይህንኑ ደግማለች።

«እትዬ፣ እየጠበቅን ነው» አለ ፈታኙ።

ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።

«አንድ...» ረጅም፣ ከደረት የሚነሣ፣ መጨረሻው የሚሰበር ድምፅ ወጣ። «ወደ ቀኝ... እጅ ወደ ላይ...» ቃሉ የስፖርት ነው፤ ዜማው የሙሾ። ልታቃናው ሞከረች፤ ጉሮሮዋ ሌላ መንገድ አያውቅም። ከኋላዋ የሴቶቹ እግር አንድ ሆነ። ሲነሡ አብረው፣ ሲወርዱ አብረው።

ሙዚቃው ሲቆም ዞረች። ከሠልጣኞቹ ታናሿ፣ አርሴማ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ሌሎቹም ቀና ብለው አላዩአትም።

«እንዲህ የሚመራ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ ፈታኙ፣ ሴቶቹን ግራ ተጋብቶ እየተመለከተ። «አልፈዋል። ዜማውን ብቻ ይቀይሩት።»

«በምን?»

የቀለደች መስሎት ሳቀ።

በር ላይ አርሴማ ደረሰችባትና ስልክ ቁጥሯን ጠየቀቻት። ፀሐይነሽ ፊቷ በራ። «ለስፖርቱ ነው፣ ልጄ?»

«አይ...» ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «አያቴ በጣም ደክመዋል። ምናልባት አንድ ነገር ከሆኑ...»

ቁጥሯን ሰጠቻት።

ብቸና ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የምስክር ወረቀቷን ከሥዕለ ማርያም ሥር አኖረችው። ማዳመጫውን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው፤ በሩን ክፍት ትታ ወደ ግቢው ወጣች።

«አንድ...» አለች፤ ያው ድምፅ፣ ያው ዜማ።

የባንቺዓለም የቆርቆሮ በር ተንቋቋ። እርምጃ ተከተለ፤ ከኋላዋም መጥቶ ቆመ። ባንቺዓለም ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃው ይሁን ለስፖርት ወገቧ ላይ አስራው፣ ፀሐይነሽ ዞር ብትል ታየው ነበር።

አልዞረችም።

«ሁለት...»