በመብረቅ የተያዘ ሙግት

«በንጉሥ አምላክ!»

ኢቲዳል ይህን ስትጮኽ የአሶሳ ገበያ ቀጥ አለ። አህዮቹ ማናፋታቸውን ተዉ፤ ወርቅ መዛኙ ሚዛኑን እንዳንጠለጠለ ቀረ፤ ድምፁ ኩርሙክ ድረስ ዘልቋል ቢባል እዚያ የነበረ ሰው አይክድም። ይህች ከመንጌ የመጣች ወርቅ አጣቢ መበለት ከአማርኛ ሁሉ አጥርታ የምታውቀው እነዚህን ሁለት ቃላት ነበር። ያስተማራት ደግሞ ፈንታው ነው።

ፈንታው ከመተከል ደጋ፣ ከወምበራ፣ በበቅሎ ጨው እያመጣ የሚሸጥ፣ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ምላሱ ከበቅሎው ቀድሞ ገበያ የሚደርስ ሰው ነው። ባለፈው ሲመጣ ኢቲዳል ነጋዴው ዓብዱልባሲጥ የሟች ባሏን የወርቅ ጉድጓድ እንደቀማት በእጇም በአፏም አድርጋ ነገረችው።

«ይህን ቃል በይው» አላት። «አንበሳ እንኳ ቢሆን ዳኛ ፊት ሳይቀርብ እግሩን አያነሳም። ሙግቱን ለኔ ተይው። ሠላሳ ሦስት ጊዜ ተሟግቼ ሠላሳ አራቱን ረትቻለሁ። ማር አልልሽ፣ ወርቅ አልልሽ፤ አፌ ለመበለት በነጻ ነው።»

ይኸው ቃሉ ሠራ። በንጉሥ ስም የተጠራ ሰው ጥሎ መሄድ አይችልምና ዓብዱልባሲጥ ቆመ። የነጭ ጀለቢያው ጫፍ ከኢቲዳል ያለቀ ነጠላ ጋር ተቋጠረና እንደ ደንቡ ሁለቱ ተቆራኝተው ወደ ዳኛው መንገድ ጀመሩ። ፈንታው በቅሎውን መብረቅን እየሳበ ከኋላ ተከተለ። ከሱም ኋላ ግማሽ ገበያ።

«ያ ፈንታው» ሲል በዐረብኛ ወግ ጠራው ዓብዱልባሲጥ ዞር ብሎ፣ «ወላሂ፣ ጨው ከሰረ እንዴ? አሁን መበለት ትነዳለህ?»

«ጨውማ ሞልቶኛል። ያንተን አልጫ ነገር ላጣፍጥ ነው የመጣሁት።»

ሰዉ ሳቀ። ኢቲዳል አልሳቀችም።

«ያ አኹይ» አለችው፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፣ «ዳኛ እኔን ይሰማል? አማርኛ ትንሽ ነው።»

«እኔ ስናገር የተቀመጠበት ዛፍም ይሰማል! ብቻ ጉድጓዱ የባልሽ ለመሆኑ ምን ምልክት አለሽ?»

«ጁምዓ ቀኝ እግር አይሠራም ነበር። በእንጨት ነው የሚሄድ። ጉድጓድ ውስጥ መውረጃ፣ እግር መርገጫ ሁሉ ለግራ እግር ቆረጠ። ለቀኝ አንድ የለም። ሂድ፣ እይ።»

ፈንታው ቃሏን አንዳች ሳይጨምርበት ለራሱ ደገመ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው ደርሶበት አያውቅም።

ዳኛው በሁመር ዛፍ ሥር የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፈንታው መብረቅን አጠገቡ አቁሞ ልጓሟን እጁ ላይ ጠመጠመ፤ ኩታውን አደግድጎ ዱላውን አነሳ፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ ወፎች ተነሥተው በረሩ።

«እግዜር ያሳይዎ ጌታዬ! ይህች ሴት...»

«በበቅሎ!» ሲል አቋረጠው ዓብዱልባሲጥ።

ተሟጋች እውነት የኔ ነው ሲል በማር፣ በበግ ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፤ የተረታው ያስያዘውን ለዳኛው ይከፍላል። ባላጋራው ያንኑ ማስያዝ ካቃተው ግን በነገሩ አላመነበትም ተብሎ ያኔውኑ ይፈረድበታል። ይህን ደንብ ደሀ የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው። ዓብዱልባሲጥ ግን ከአምስት በቅሎዎቹ ጋር ያውቀዋል።

«አንቺ ሴት፣ በቅሎ አለሽ?» አሉ ዳኛው።

«በቅሎ የለም። ጉድጓድ አለ።»

«ጉድጓዱማ የተካሰሳችሁበት ነው። በቅሎ ያለው ዋስ ጥሪ። ካጣሽ ለሱ እፈርዳለሁ፤ ነገሩም ዳግመኛ አይነሳም።»

ኢቲዳል ማንንም አልጠራችም። ወደ ፈንታው ብቻ አየች። ፈንታው ስለ ውርርዱ ሊነግራት ረስቶ ነበር። በሠላሳ ሦስቱም ሙግት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከተመልካቾቹ አንዱ እሱ ነበር።

ጠጋ አላትና በጆሮዋ፣ «ከቀማሽ ወዲህ ለቀኝ እግር መውረጃ ቆርጦበት ቢሆንስ?» አላት።

«አላውቅም። እዚያ አያስደርስም።»

«ያ ፈንታው!» ዓብዱልባሲጥ በሳቅ ተንፈቀፈቀ። «መብረቅ የት አለች? ከወምበራ አሶሳ በአንድ ቀን ትበራለች የምትላት?»

ፈንታው ያለችው በቅሎ ይህችው ናት። እሷ ከሄደች ጨዉን የሚሸከመው በገዛ ጀርባው ነው፤ ቤት ያለችው ሚስቱ የዝናሽ ምን እንደምትለውም ከወዲሁ ይሰማዋል።

«መብረቅ አለች» አለ።

«እኔ ዋስ ነኝ በል!» አሉ ዳኛው።

«እኔ ዋስ ነኝ።»

«የበቅሎይቱን ነገር በእውነት ተናገር። ነውሯን የደበቅህ እንደሆነ መያዣውም ሙግቱም ይወድቃል።»

ሰዉ ጆሮውን አቆመ። ከቤተ መንግሥት ጋጣ የተወለደችበት፣ ነብር ያመለጠችበት ወሬ በፈንታው ምላስ ጫፍ ተሰልፎ ቆሟል። አፉን ከፈተ። ዓይኑ ሁለቱ ልብሶች በተቋጠሩበት ላይ አረፈ፤ ኢቲዳል ቋጠሮውን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው» አለ። «ግራ ዓይኗ አያይም። ከወምበራ እዚህ ዘጠኝ ቀን ፈጅታለች።»

«አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል። በቅሎህስ?»

«ዳገቱን አትፈራም ጌታዬ። ቁልቁለቱን ነው።»

«ይህ ግማሽ በቅሎ ነው!» ዓብዱልባሲጥ ጮኸ። «እኔ ሙሉ በቅሎ ነው የተወራረድኩ!»

«በቅሎ አልህ፤ ዓይኗን አልቆጠርህም» አሉ ዳኛው። «ሌላስ ነውር አላት?»

«የላትም ጌታዬ። እኔም ሌላ በቅሎ የለኝም። ወደ መንጌ ሰው ይላኩና ጉድጓዱ ይታይ፤ ሟች ባሏ ቀኝ እግሩ አይሠራም ነበርና መውረጃውን ሁሉ ለግራ እግር ነው የቆረጠው።»

ዳኛው ሁለት ሰዎች ጠቅሰው አስነሡ። ሰዉ ፈንታው አሁን ደግሞ ምን ይጨምር ይሆን እያለ ጠበቀ። እሱ ግን የመብረቅን ልጓም ከእጁ ፈታና በመያዣነት ለዳኛው አሽከር ሰጠ፤ ከዚያም ሄዶ ከኢቲዳል አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።